ጥቁሩን አውልቄ የለበስኩት ሳሪ

ይድረስ ለውድ አማቴ ለእማማ ፀሐዩ።

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ግፊትዎስ ወረደልዎት? እኔና የልጅ ልጅዎ ያኔት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።

እማማ፣ ልጅዎ ይስሐቅ ፎቶዬን በስልኩ ሳያሳይዎት ነገሩን ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው የምጽፈው። ከትናንት በስቲያ ቅዳሜ ለባለቤቴ ለገብረሥላሴ የለበስኩትን ጥቁር አወለቅኩ። ሙት ዓመቱ ካለፈ ስምንት ወር ቢሆነውም፣ እርስዎ ሳያወልቁ እኔ መቅደሜን አውቃለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያው ውስጥ አብራኝ የምትሠራ ሬካ የምትባል ህንዳዊት አለች። ገብረሥላሴ ያረፈ ጊዜ ሁለት ሳምንት ሙሉ በእኔ ፈንታ የሥራ ሺፍቴን ሠርታልኛለች። አሁን ልጇን ስትድር ጠራችኝና፣ «እባክሽ በጥቁር አትምጪ፤ እኛ ዘንድ ለሠርግ አይሆንም» አለችኝ። እሺ አልኳት። ደስ አላለኝም፣ አልከፋኝምም።

እኔንና ያኔትን እዚሁ አሌክሳንድሪያ ወዳለ የህንድ ሴቶች ልብስ፣ የሳሪ ሱቅ ወሰደችን። እኔ ግራጫውን አነሳሁ፤ ሬካ ተቀብላኝ መለሰችው። ዓይኔ ወደ ቀዩ ሲሄድ ደግሞ፣ እሱ የሙሽራዋ ነው አለች። ያኔት ሄዳ ጥለቱ ወርቃማ የሆነ፣ ዓይን የሚወጋ ብርቱካንማ ይዛ መጣች። «ይሁን» አልኩ።

የሠርጉ ጠዋት ያኔት ቪዲዮ እያየች አለበሰችኝ። ወደ ስድስት ሜትር የሚጠጋ ጨርቅ ነው። ፊት ለፊቱን አጣጥፋ ወገቤ ላይ ሻጠችው፤ የተረፈውን በግራ ትከሻዬ ጥላ በመርፌ ቁልፍ አያያዘችው። ነጠላዬን ልደርብ ስል፣ «ኖ ማሚ፣ ጫፉ ራሱ እኮ ነጠላ ነው» አለችኝ። ቀለሙ ይበቃል ብላ የአንገቴን ወርቅ አስወልቃ ጉትቻውን ብቻ ተወችልኝ። እጅሽን አንሺ ስትለኝ አነሳሁ፣ ዙሪ ስትለኝ ዞርኩ። ጨርሳ ራቅ ብላ አየችኝና አለቀሰች። አባቷ ከሞተ ወዲህ ስታለቅስ ሳያት ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አቀፍኳት። እኔ ግን እንባ አልመጣልኝም፤ የማስበው መርፌ ቁልፉ እንዳይወጋት ነበር።

ሠርጉ ላይ በላሁ፣ አጨበጨብኩ፣ ፎቶ ተነሳሁ። ትናንት ለቤተ ክርስቲያን ጥቁሩን ከቁም ሳጥን አውጥቼ ይዤው ቆምኩ። ያኔት በሩ ላይ ሆና ታየኛለች። መልሼ ሰቀልኩትና ነጭ ለብሼ ሄድኩ።

ልጅዎን ረስቼ አይደለም፣ እማማ። መልሰሽ ልበሺ ካሉኝ እለብሳለሁ። ይቆጡኝም። ብቻ ዝም አይበሉኝ።

ይስሐቅን፣ ባለቤቱን ብሩክታይትን፣ ትንሹን ፋኑኤልንም በየስማቸው ይሳሙልኝ። ጉልበትዎን ስሜያለሁ።

ልጅዎ ሃይማኖት
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.