ባሩዱ እስኪደርቅ

ጎዞ፣ የንግሡ ሳምንት

ለእህት ዓለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? ባልሽና ልጆችሽስ እንዴት ናቸው? የሜልቦርኑ ብርድ ጉልበትሽን አሁንም ይቆረጥምሻል? እኔ ደኅና ነኝ። አባባም ይበላሉ፣ ይራመዳሉ፣ ይሳደባሉ፤ ስለዚህ መንደሩ ሁሉ ስለ እሳቸው «ሳልቩ ምን ይሆናል!» ይላል። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። በስልክ ሁልጊዜ የምታሸንፊኝ አንቺ ነሽ፤ ዘንድሮ መሸነፍ አልፈልግም።

ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ከዋናው ደሴት በመርከብ ወደ ጎዞ ተሻገርኩ። ያሰብኩት ልዋኝ፣ ልበላ፣ ከማንም ጋር ሳልጨቃጨቅ ልመለስ ነበር። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት በጨው ገንዳዎቹ በኩል እወርዳለሁ። ውኃው ከመጥራቱ የተነሣ የእግሬ ጥላ ከታች ጠጠሩ ላይ ይታየኛል። ስመለስ ጎረቤታችን ጁዛ፣ ያው እንደምታውቂያት ሳታንኳኳ ገብታ፣ ጠፍጣፋውን ዳቦ በቲማቲም አሽታ፣ ቱናውን፣ ወይራውን፣ ከግንቡ የለቀመችውን ጎምዛዛ የቁጥቋጦ እምቡጥ ደርድራበት ትጠብቀኛለች። «ያ ዩኒቨርሲቲ የሚያበላህ በፎርሙላ ነው እንዴ? አጥንትህ ተቆጠረ እኮ!» ትለኛለች። የፍየል አይቧ አሁንም በቁንዶ በርበሬ ታሽቶ ምላስ ያቃጥላል።

ከቤት የሚያስወጡኝ አባባ ራሳቸው ነበሩ። «ባሕሩ ዛሬ እንደ ዘይት ተኝቷል፣ ሂድ» ይሉኛል። በማግስቱ «በለሱ በስሏል፣ ወፍ ሳይጨርሰው ልቀም» ይላሉ። ሌላ ቀን ደግሞ «ቸንሱንና ዊጂን ይዘህ ዓሣ አምጣ» አሉኝ። ሰውየው በስተርጅና ደግ ሆኑ ብዬ ተገረምኩ። ልጅ ሳለን በንግሥ ሳምንት ባሕር ማየት ክልክል እንደነበር ታስታውሻለሽ? ሙጫው ጣታችንን እስኪልጠን የርችት ወረቀት ስንጠቀልል ነበር የምንውለው።

ቸንሱና ዊጂ አሁንም ከአባባ ጋር የእሳት ቤቱ፣ የርችት መሥሪያው ሰዎች ናቸው። ቸንሱ አውቶቡስ ይነዳል፣ ዊጂ ድንጋይ ይጠርባል። ሁለቱም ከሥራቸው ፈቃድ ወስደው ኮረብታው ላይ ለመንደራችን ቅዱስ ንግሥ ርችት ይሠራሉ። ዊጂ ናይሎን ሸሚዝ ለብሶ ሊገባ ሲል አይቼ ኮሌታውን ይዤ አስቆምኩት። ናይሎን ሲፋተግ ብልጭ ይላል፤ ለባሩዱ አንድ ብልጭታ ትበቃዋለች። «ፕሮፌሰር፣ ሚስቴ የሰጠችኝ ነው፤ ካወለቅኩት ቤት አልገባም» ብሎ ሳቀብኝ። ቸንሱም «ተወው፣ ዘንድሮ የታች ሰፈሮቹ ሰማዩን በርችት እንገዛዋለን እያሉ ነው፤ ዊጂን ራሱን እንተኩሰዋለን» አለ። አምሳ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ናቸው እንዲህ የሚናገሩት። በንዴት ምሳዬን አልበላሁም።

መንደሩ በሙሉ በአባባ አፍንጫ እንደሚኖር ታውቂያለሽ። ባሩዱ ተቦክቶ ትሪው ላይ ሲሰጣ፣ እስኪደርቅ ድረስ እየተገለበጠ ይሸተታል። ጎምዘዝ ያለ ሽታ ከመጣ ውስጡ መጋል ጀምሯል፤ ወዲያው ውኃ ውስጥ ይደፋል። ሽታ ከሌለው ይቀጥላል። እኔ የኬሚስትሪ መምህር ነኝና ይህ ዘዴ አይደለም ብዬ ስንት ጊዜ ተከራክሬያለሁ። መሣሪያ ገዝቼም አምጥቼላቸው ነበር፤ ጁዛ ዘንድ የዶሮዎቹን ቤት በር ደግፎ አገኘሁት። ነገር ግን የታች ሰፈሮቹ በፍንዳታ ሰው ቀብረዋል፣ የእኛዎቹ እስካሁን አልቀበሩም። ይህን መካድ አልችልም።

አሁን ስሚኝ።

ባለፈው ሳምንት ከባሕር ስመለስ ከመንገዱ ጀምሮ የሚያርር ነገር ሸተተኝ። ሮጥኩ። አባባ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ከምድጃው አንድ ክንድ ርቀው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ። ጥንቸሉ ከነወይን ጠጁ ከሰል ሆኗል። ጭሱ ገና ከክዳኑ ሥር ቀጭን ሆኖ ይወጣ ነበር። «ምን ያስሮጥሃል? ገና አልበሰለም» አሉኝ።

በማግስቱ ምሳ ላይ ፈተንኳቸው። ብርጭቋቸውን በቀይ ኮምጣጤ ሞልቼ አቀረብኩላቸው። እንደ ልማዳቸው ወደ ብርሃኑ አነሡት፣ አዞሩት፣ አፍንጫቸውን ከተው ረዘም አድርገው ሳቡ። «የቸንሱ ወይን ዘንድሮ ተሳክቶለታል» አሉ። ከንፈራቸው ሳይደርስ ከእጃቸው ወሰድኩት።

ፊቴን አዩት፣ ብርጭቆውን አዩት። «ተማሪ በፈተና መጣል ለምደሃል» አሉኝ።

ከገና ጉንፋን ወዲህ ነው አሉ። ቡናም፣ ባሕርም፣ እጣንም አይሸታቸውም። ለማንም አልተናገሩም። እኔ ጮኽኩ። ጁዛ በመስኮት ብቅ ብላ «ኧረ ቀስ በሉ፣ ቅዱሱ ራሱ ሰማችሁ!» እስክትል ድረስ ጮኽኩ። ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ አልኩ። አባባ ሳቁ። ፖሊሱ የሰፈራችን ሙዚቃ ባንድ ጥሩምባ ነፊ ነው።

ሳቃቸውን ሲጨርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሺ፣ ለነቸንሱ ንገራቸው። ያቦካሁትን ይደፉታል። ከዚያስ? ለታች ሰፈሮቹ ሰማዩን ለቀው የሚተኙ ይመስልሃል? በዚህ እርጥብ ነፋስ ተጣድፈው ሌላ ያቦካሉ። የሚያሸትላቸው ማን ነው? ቸንሱ? ቸንሱን የሚሸተው የጁዛ ድስት ብቻ ነው። ሦስት ልጆች አሉት። ይህ የመጨረሻዬ ነው፤ ይድረቅልኝና የእሳት ቤቱን ቁልፍ እመልሳለሁ» አሉ።

 

ያኔ ነው ያሳለፍኳቸውን ቀናት አንድ በአንድ መለስ ብዬ ያየኋቸው። ባሩዱ በሚገለበጥበት ሰዓት ሁሉ እኔ የት ነበርኩ? ባሕር ውስጥ። ቸንሱና ዊጂስ? አንድ ቀን ከእኔ ጋር ጀልባ ላይ፣ አንድ ቀን በለስ ለቀማ፣ አንድ ቀን አባባ ራሳቸው ባዘዙላቸው በግ ጥብስ ዙሪያ። ጁዛ ምሳ ይዛ ወደ ኮረብታው ልትወጣ ስትል «ዳገቱ ለልብሽ አይበጅም» ብለው መለሷት፤ ተቀይማቸዋለች። እኔ ዕረፍት ያልኩት ነገር በሰዓት ተለክቶ የታደለ ነበር። ያን ሁሉ ዓሣ ለምን እንደበላሁ አንቺው አስቢው።

አብሬዎት ልግባ፣ ቢያንስ የእኔ አፍንጫ ይሠራል አልኳቸው። «አንተ አፍንጫህን የነከርከው መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ ሂድ ዋኝ» አሉኝ። እጄን ያዙና እንደ ልጅነታችን መዳፌን ገልብጠው አዩት። ምን እንዳዩ አላውቅም።

ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የደቡቡ ነፋስ ገብቷል። ጁዛ ጣራው ላይ ያሰጣችው አንሶላ እስካሁን አልደረቀም። ግድግዳው ያልበዋል፣ ጨው ዕቃው ውስጥ ያለው ጨው ጭቃ ሆኗል። ባሩዱም እንደዚያው ነው። አባባ ዛሬ ከቁርስ በፊት ወጡ። ጠረጴዛው ላይ ለነቸንሱ ሁለት ጠርሙስ ወይን፣ አይብና ዳቦ አስቀምጠው፣ ሁላችንም ወደ ባሕሩ እንድንወርድ ለጁዛ ነግረዋታል። ዛሬ የመጨረሻው መገልበጫ ነው።

የቤቱ ቁልፍ እንደ ድሮው ጁዛ ዘንድ ነው። ለገና ስትመጪ ልጆቹን በጨው ገንዳዎቹ በኩል አውርደሽ አስዋኚያቸው። ቀኑ ይበርዳል ብለሽ አትከልክያቸው፤ ድንጋዩ ሙቀት ይይዛል። ቸንሱን ካገኘሽው አትቆጪው፣ ምንም አያውቅም። በረንዳው ላይ ያለውን የበለስ ቅርጫት ጁዛ በስኳር ትሠራልሻለች፤ ለአንቺ የለቀምኩት ነው።

ዊጂ ደጅ ላይ የመኪናውን ጥሩምባ ይነፋል። «ፕሮፌሰር! ባሕሩ እኮ ይደርቃል!» ይለኛል፤ ቸንሱ ደግሞ የዋና ልብስ እየመረጥኩ እንደሆነ ያውጃል። በመስኮት ቀድማችሁ ሂዱ፣ እደርስባችኋለሁ አልኳቸው። ዊጂን ያንን ናይሎን ሸሚዝ በጥጥ ሸሚዜ ለውጥ ብዬው ነበር፤ ዛሬ እኔ ጥጡን ለብሻለሁ። ጫማዬንም ሚስማር በሌለው ባለ ላስቲክ ሶል ቀይሬያለሁ።

ነፋሱ ከኮረብታው በኩል ነው የሚመጣው። መስኮቱ ላይ ቆሜ አሸተትኩ። የባሕር ዛፍና የአቧራ ሽታ ነው፤ ከዚያ ሥር ግን ሌላ ቀጭን፣ ጎምዘዝ ያለ ነገር አለ፣ ከሩቅ እርግጠኛ መሆን አልችልም።

አምላክ ቤትሽን በጤና ይጠብቅልሽ፣ ልጆችሽን እርስ በርሳቸው የሚደማመጡ ያድርጋቸው። ቅዱሱ ከእናንተ አይራቅ። ደብዳቤውን ጁዛ ታስገባልኛለች፤ እኔ በዳገቱ በኩል ወደ አባባ እወጣለሁ።

የዘላለም ተከራካሪሽ፣
ታናሽ ወንድምሽ