ሁለተኛው ሳፋ ገል

የካቲት 3፣ ሞጣ፣ ከጠ. 5 ሰዓት

ጥፍሬ ሥር የገባው ጭቃ አልወጣ ብሏል። በመርፌ ፈለግሁት፣ እምቢ። ይቅር፣ እንዲያውም ደስ ይላል። ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው፣ ደብተሬ፣ ድስት የሚመስል ነገር ሠራሁ። አንድ ጎኑ ተኮራምቷል፣ አፉ ጠሟል፣ ግን ቆሟል። በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ። ቢቸና መ/ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀምጬ የገቢ ዕቃ ቅጽ፣ ሞዴል 19፣ ስሞላ የኖርኩ ሴት፣ በዓመት ፈቃዴ እህቴ ቤት መጥቼ ጭቃ ላይ ተንበርክኬያለሁ። የመ/ቤት ሰው ቢያየኝ አዲሴ አበደች ይላል። ይበል።

ክፍላችን ሜዳ ነው። እማማ ደብሪቱ ቤት ፊት ለፊት፣ ግራሩ ሥር። ወንበር የለ፣ ጥቁር ሰሌዳ የለ። ከፍለን የምንማረው ሁለት ነን፤ እኔና ሲስተር ሃና። ሃና የሆሳዕና ልጅ ናት፣ ጤና ጣቢያ ተመድባ እህቴ ግቢ የተከራየች። እኔንም ጎትታ ያመጣችኝ እሷው ናት። ሌላዋ ጥሩ የምትባለው ናት፣ የእማማ ደብሪቱ ምራት፣ ገና በጥር የመጣች ሙሽራ። እሷ ሙያውን ከእናቷ ይዛ ነው የመጣችው፤ አሁን የአማቷን አሠራር ትማራለች ተብሏል። የምራት ትምህርት ደግሞ ይታወቃል፤ ውኃ መቅዳትና ገል መውቀጥ ነው።

ገል ማለት የተሰበረ ሸክላ። ተወቅጦ፣ ተነፍቶ ከአፈሩ ጋር ይለወሳል። እሱ ካልገባበት ጭቃው እሳት አይችልም፣ ይፈነዳል። የመጀመሪያ ቀን የተማርኩት ይኸን ነው።

የገረመኝ፣ ዕቃው አይዞርም፤ ሠሪዋ ናት የምትዞረው። እማማ ደብሪቱ ከወገባቸው እጥፍ ብለው ወደ ኋላ እየተራመዱ ድስቱን ይዞሩታል፣ በእጃቸው የቅል ስባሪ ይዘው። እኔ ሁለቴ ዞሬ ራሴን አዞረኝና ቁጭ አልኩ። ሳቁብኝ። እጅሽ የወረቀት እጅ ነው፣ ምላስሽ ግን ደህና ሠራተኛ ነው አሉኝ።

አንድ ሕግም አለ። ሳይተኮስ ዕቃ አይመሰገንም። ሲያምር ማለት ክልክል፣ ዓይን ይገባዋል። እኔ መቼም ያየሁትን ሳላመሰግን አላልፍም፣ በቀን አሥር ጊዜ እሳሳታለሁ። አሥር ጊዜ እትፍ ያሰኙኛል፣ ሁሉም ይስቃል። እንዲህ ከሳቅሁ ስንት ዘመኔ።

የካቲት 5፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

አደራ ተሰጠኝ። ለኔ፣ ደብተሬ። እማማ ደብሪቱ ልቅሶ ሊሄዱ ነው፣ ጾሙ ሊገባ ነው፣ ሴቱ ሁሉ አዲስ ድስት ይፈልጋል፣ ጭቃው ዛሬ መታሸት አለበት። አዲሴ ትሽው አሉ። ሁለቱንም ሳፋ ገል ጨምሪ፣ እንደ ሊጥ እስኪልም ርገጪ። በቃ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሄዱ።

ገሉን ጥሩ ናት የወቀጠችው። ሁለት ቀን ሙሉ። መዳፏ ውኃ ቋጥሯል፣ አሳየችኝና ያንን የኀፍረት ሳቋን ሳቀች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ሲያወሯት ወደ መሬት ታያለች። እንስራዋን አዝላ ወንዝ ወረደች፣ እኔ አንዱን ሳፋ ገል ገለበጥኩ፣ ጫማዬን አውልቄ ጭቃው ውስጥ ገባሁ። ሃና መጣች። የመ/ቤታችን ገንዘብ ያዥ በገዛ ሰርጓ ቀን የካዝናውን ቁልፍ ይዛ ጠፍታ ሙሽራው ሲፈልጋት ቢሮ በር ላይ ቆሞ እንደዋለ ነገርኳት። ሃና ሆዷን ይዛ ወደቀች። እኔ እየረገጥኩ አወራለሁ፣ እያወራሁ እረግጣለሁ። ባቴ ዛለ። እንዲህ ያለ ቀን ይብዛልኝ።

የካቲት 6፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ጠዋት እማማ ደብሪቱ ሥራ ጀመሩ። ዓይናቸው ከልቅሶው አብጧል። ጭቃውን ጨበጥ ለቀቅ አደረጉና እጅ ይይዛል፣ ምን ሆኗል አሉ። አዲሴ፣ ሁለቱንም ሳፋ ጨመርሽ? አዎ፣ ሁለቱንም አልኩ። ያን ጊዜ እውነት መስሎኝ ነው። ለዚህች እምላለሁ።

ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ልቀመጥበት ብዬ ጆንያ አነሳሁ። ከሥሩ ሁለተኛው ሳፋ። ሙሉ። ጫፉ አልተነካም።

አሥራ አራት ድስት ተሠርቶ ቆሟል። ገና እርጥብ ነው። እዚያው ብናገር ሁሉም ይፈርሳል፣ ገሉ ይገባል፣ እንደገና ይታሻል። የአንድ ቀን ልፋት ነው፣ ከዚያ ሌላ የሚጠፋ የለም። ይኸን ሁሉ በአንድ ቅጽበት አስቤዋለሁ። ግን አሥራ አራት ጊዜ በታመመ ወገባቸው የዞሩትን አየሁ። አደራ ሲሉኝ ደግሞ ፊታቸው እንዴት እንደነበር። አፌ፣ ያ ሥራ ፈት አፌ፣ ተለጎመ።

ሰው ዞር ሲል ሳፋውን ከቁልቋሉ አጥር ጀርባ ደፋሁት። አጥቤ ቦታው መለስኩት። የጥሩን መዳፍ ነው የደፋሁት፣ ደብተሬ።

የካቲት 9፣ ማታ 1 ሰዓት

ድስቶቹ ጥላ ውስጥ ተደርድረው ይደርቃሉ። ሲያዩአቸው ምንም የጎደላቸው አይመስሉም። ምናልባት አንድ ሳፋም ይበቃ ይሆናል። ምናልባት ሁለት የሚያስጨምሩት ለልማድ ነው። ከዚህ በላይ ምን ልበል።

ሃናን በዘዴ ጠየቅኋት። ለመሆኑ መድኃኒት በግማሽ ቢሰጥ እንደነገሩም ቢሆን አያድንም? እንዲያውም ይብሳል አለችኝ፤ ማን ወሰደ፣ አንቺ ነሽ? ኧረ እንዲያው ነው አልኩ። ራት አልበላሁም። እህቴ እትዬ ዘነቡ የጭቃው ብርድ ነው የመታሽ ትላለች።

የካቲት 12፣ ከጠ. 4 ሰዓት

ፈነዱ።

ነፋስ ሳይነሳ ነበር የተጀመረው። ዕቃው ተከመረ፣ ኩበት ተደረበ፣ ሣር ለበሰ። እሳት ከመለኮሱ በፊት ጥሩ ከወንዝ መጣች፣ እንስራው በጀርባዋ፣ ቆመች፣ አየች። ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ፣ ሲያምሩ አለች። ቀስ ብላ፣ ለራሷ። ሁሉም ሰማ። እማማ ደብሪቱ እትፍ በይ አሏት። እትፍ አለች። የሳቀ ሰው ግን አልነበረም።

ከዚያ እሳቱ። ትንሽ ቆየ። ጧ አለ አንዱ። ዝም። ሌላው። ከዚያ ብረት ምጣድ ላይ እንዳለ በቆሎ ሆነ። እያንዳንዱ ሲፈነዳ እቆጥራለሁ። ሃና እጄን ያዘችኝ፣ አይዞሽ ትላለች፣ ያዘንኩላቸው መስሏት።

አሥራ አራቱም የሉም። ከአመዱ ውስጥ ደህና የወጣው በመጀመሪያው ጭቃ፣ ገል በተሟላበት፣ የተሠራው የኔና የሃና ጠማማ መለማመጃ ብቻ ነው። ማስረጃው እዚያው አመድ ለብሶ ቆሟል። የሚያነበው እኔ ብቻ ነኝ።

ያው ቀን፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ጎረቤት ተሰበሰበ። ይቺ ሙሽራ ከመጣች ወር አልሞላትም አሉ። ላሚቷ የጨነገፈችው እሷ በገባች በሳምንቱ ነው አሉ። ዛሬ ደግሞ ቆማ አየች፣ አፏን ከፈተች። ባሏ ጉድ ነው፣ አጎንብሶ በእግሩ ጣት መሬት ይጭራል። ጥሩ እንስራውን እንኳ አላወረደችም።

እማማ ደብሪቱ አልቅሰው ተናገሩ። ከተማው እኛን ሸክላ ሠሪ ናቸው፣ ዓይን አላቸው ሲለን ኖረ፤ እናቴን ብሏታል፣ እኔን ብሎኛል፤ እኔ ደግሞ በገዛ ቤቴ በሰው ልጅ ላይ ልበለው? አሉ። እንባቸውን ጠርገው ግን ቤቴስ ጠፋ፣ ይልቅ በሰላም ወደ አባቷ ትሂድ አሉ። አባቷ ደብረ ወርቅ ነው። ሰው ተላከ።

እኔ እዚያው ነኝ። ከሷ ሁለት እርምጃ ላይ። እኔ ስንቴ ሲያምር አልኩ፣ ስንቴ ሳቁልኝ። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው። እኔ ግን የተሰጣ ልብስ ላነሳ ብዬ ገመዱ ጋ ሄድኩ። የማን ልብስ እንደሆነ እንኳ አላውቅም።

የካቲት 13፣ ከጠ. 3 ሰዓት

ለእትዬ ዘነቡ ነገርኳት። ሌላ ለማን እነግራለሁ።

ሽንኩርት እየከተፈች ሰማችኝ፣ ቢላዋዋን አላቆመችም። ስጨርስ፣ አንቺ ልጅ፣ ለማን ተናግረሻል አለች። ላንቺ ብቻ አልኳት። እንግዲያው እዚሁ ይቅር። አንቺ ነገ ከነገ ወዲያ ቢቸና ነሽ፣ እኔ እዚሁ ሞጣ ነው የምኖረው፤ እህቷ የሰው ቤት አፈረሰች እንዲሉኝ ነው? ደግሞስ ዛሬ በሸክላው ባትሄድ ነገ በሌላ ትሄዳለች፣ ላሚቷን አንቺ አላስጨነገፍሽ።

እውነቷን ነው ልል ፈለግሁ። ለግማሽ ሰዓት ያህል እውነቷን ነው ብዬ አረፍኩ። ከዚያ የጥሩ መዳፍ ፊቴ ላይ መጣ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የኔ አፍ ዕድሜውን ሙሉ ሲያመልጥ ኖሮ፣ ማምለጥ ባለበት ቀን ይቀመጣል?

የካቲት 14፣ ማታ 1 ሰዓት

ልናገር ሄድኩ። በመንገድ ቃሉን አጠናሁት፤ እማማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሁለተኛውን ሳፋ ረስቼ ነው። ስምንት ቃል። ዘነዘና የሚያክል ቃል ሆነብኝ።

እማማ ደብሪቱ ግራሩ ሥር ብቻቸውን ናቸው፣ የፈነዳውን ሰብረው ገል ሊያደርጉት ይለቅማሉ። ሲያዩኝ አትፍሪ አሉኝ፣ ከቤት ገብተው የኔን ጠማማ ድስት በጨርቅ ጠቅልለው አመጡ። አንቺ ልበ ቀና ነሽ፣ እግዜር ለይቶ ያንቺን ተወልሽ አሉኝ። ጉንጬን ሳሙኝ።

ተቀበልኩ። እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። እዚያው ተቀምጬ ገል ወቀጥኩላቸው፣ እስኪመሽ። መዳፌ ውኃ ቋጠረ። እንዲህ ባደርግ ይቀልለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም። ጥሩ ከውስጥ ታየችኝ፣ ልብሷን ታጥፋለች። እንደ ሁልጊዜዋ ደህና ዋሉ እትዬ አለችኝ። ወደ ገሉ አጎነበስኩ።

የካቲት 15፣ ማታ 2 ሰዓት

ፈቃዴ አንድ ሳምንት ይቀረዋል፣ ግን ጠዋት እሄዳለሁ። ቢቸና። ቤቴ፣ ግምጃ ቤቴ፣ ቁልፌ። እዚያ የገባው ገባ፣ የወጣው ወጣ ተብሎ ይፈረማል፣ ሰው አይፈነዳም። እትዬ ዘነቡ ጎበዝ አለችኝ። ሃና ደግሞ ሳትነግሪኝ ብላ አኮረፈች፤ ትምህርቱን ማን ይጨርሳል? አንቺ ጨርሺው አልኳት። በቃ አልችልም፣ ደብተሬ። መሸሽ ከሆነም መሸሽ ነው።

የካቲት 16፣ ሞጣ መናኸሪያ፣ ከጠ. 1 ሰዓት

መስኮት ጥግ ነኝ። መኪናው ግማሹ ባዶ ነው፣ ሳይሞላ አይነሳም። ረዳቱ ቢቸና፣ ቢቸና እያለ ይጮኻል። ሻንጣዬ ከላይ ጣሪያው ላይ ነው።

1 ሰዓት ከሩብ። አምላኬ። ጥሩ ናት። ከአንድ ጎረምሳ ጋር፣ ወንድሟ ይመስለኛል፣ ፊቱ ድንጋይ። በነጠላ የተቋጠረ ጓዟ ጣሪያው ላይ እየተጫነ ነው። ደብረ ወርቅ መንገድ ላይ መሆኑን እንዴት ረሳሁት። አየችኝ። ፊቷ በራ፣ ደብተሬ፣ እኔን አይታ ፊቷ በራ። እትዬ አዲሴ፣ እግዜር ነው ያገናኘን፣ እስከ ደብረ ወርቅ አብረን ነና አለች። አጠገቤ ተቀመጠች።

1 ሰዓት ተኩል። ታወራለች፣ ያቺ ዝምተኛ። እማማን ወገባቸውን ያማቸዋል፣ ማን ውኃ ይቀዳላቸዋል ትላለች። ስለ ባሏ ምንም። እናቴ ምን አጠፋሽ ብላ ስትጠይቀኝ ምን እላለሁ ትለኛለች። መዳፌን አየች፣ ውኃ የቋጠረውን። ውይ እትዬ፣ እርስዎም ወቀጡ? አለችና በጣቷ ዳሰሰችው፣ እንዳያመኝ ቀስ ብላ። ከዚያ ወደ መስኮቱ እያየች፣ ግን ያምሩ ነበር፣ አይደል አለችኝ።

አዎ አልኳት። ያምሩ ነበር።

ከኋላ ሦስት ሰው ብቻ ይቀራል። ሁለት። ደብረ ወርቅ ከደረሰች አለቀ፤ አባቷ ቤት የተመለሰችን ሙሽራ ማን ዓይን የላትም ብሎ ያገባል? ሃያ ዓመትም ሠላሳም ቢቀመጥ ያ ስም አይለቃትም። እኔ ደግሞ እያንዳንዱን ዓመት ቢቸና ሆኜ እቆጥርላታለሁ።

ሞላ። ሾፌሩ ሞተር አስነሳ። ረዳቱን ጠራሁት። ላይ ያለውን ሁለቱንም አውርድ አልኩት፣ የኔን ሻንጣና የዚችን ልጅ ጓዝ። እናቴ፣ መኪናው ሊነሳ ነው ይላል። አውርድ። ወንድሟ ከመቀመጫው ተነሳ፣ ምን ነካሽ ሴትዮ ይለኛል። ጥሩ ደግሞ ምን አጠፋሁ ትላለች፣ አሁንም ያንኑ፣ ምን አጠፋሁ። ረዳቱ እያጉረመረመ መሰላሉን ወጥቷል። ጓዙ እስኪወርድ ነው የምጽፈው። እግራችን መሬት ሲነካ ለሷና ለወንድሟ እነግራቸዋለሁ፣ ከዚያ ሦስታችንም በባጃጅ ተመልሰን ግራሩ ሥር፣ እማማ ደብሪቱ ፊት፣ ጎረቤቱም ይጠራ፣ ሁሉም በተሰበሰበበት ያቺን ስምንት ቃል እናገራለሁ።