የብሬል ማተሚያውና የቅዳሜ ሰዎች

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ኮፒ ማሽኑ ዛሬም ወረቀት በላ። አለቃዬ መጥቶ «ምን አድርገሽው ነው?» አለኝ። ምን ላደርገው... ቁርስ ከልክዬው?

የተበላሹትን ገጾች እንደ ልማዴ ይዤ መጣሁ። አንዱ መሐንዲስ የኮምፒዩተር መማሪያ ሊያስባዛ አምጥቶ ነው። የእኔ ትምህርት በሙሉ እንዲህ ነው፤ ማሽኑ ያኘከው ይደርሰኛል። ስለ ኬብል ብዙ አውቃለሁ። ስለ ዲስክ ምንም። የዲስኩ ምዕራፍ ሲባዛ ማሽኑ ጤነኛ ነበር።

ከሥራ መልስ ለወንድሜ አነበብኩለት። መጀመሪያ ጋዜጣውን፣ ከዚያ ነገ የሚያስተምረውን የታሪክ ምዕራፍ፣ ከዚያ የመብራት ቤቱን ማስታወቂያ። ዓይኑ ከልጅነቱ ጀምሮ አያይም፤ ጆሮው ግን የሁለት ሰው ነው። ሳዛጋ ገና አፌን ሳልከፍት ያውቃል።

ቢሮ ውስጥ «ዝምተኛ ናት» ይሉኛል። ድምፄን ቤት እንደምጨርሰው የት ያውቃሉ።

ዓርብ፣ የካቲት 6

ወንድሜ የሚያስተምርበት የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ስጦታ መጣለት። የብሬል ማተሚያ። ወረቀት እየወጋ በጣት የሚነበቡ ነጥቦችን ያወጣል። ማለቴ... ያወጣል ተብሏል። ያገለገለ ነው፤ አራት ሰው ነው ተሸክሞ ያስገባው። አብሮት መምጣት የነበረበት ዲስክ፣ ከኮምፒዩተር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ድራይቨር የሚሉት ያለበት፣ የለም። የሠራው ኩባንያ ተዘግቷል። የትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር አያውቀውም፤ እሱም ኮምፒዩተሩን አያውቀውም። ሁለት ኩሩ ጎረቤቶች ሆነው ተቀምጠዋል።

ርዕሰ መምህሯ ሚያዝያ እስኪያልቅ ካልሠራ ክፍሉን ለኳስና ለመረብ እንደምትፈልገው ነግራዋለች። ኳስ ድራይቨር አይፈልግም፤ እውነቷን ነው።

ወንድሜ ያሰበው የግንቦቱን ፈተና ነው። እስከ ዛሬ አንባቢ እየተቀጠረ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ልጆቹ ይሰማሉ፣ ያመለጣቸው ያመልጣቸዋል። እሱም እንደዚያው ተፈትኖ አንድ ክፍል ደግሟል። አንባቢው ጉንፋን ይዞት ነበር። «እኔ የወደቅኩት በሰው ጉንፋን ነው» እያለ ሲያወራው ይስቃል። ዘንድሮ ልጆቹ ፈተናቸውን ራሳቸው እንዲያነቡ ይፈልጋል። ይህን ሲል አልሳቀም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

ከአንድ ኮምፒዩተር ጠጋኝ ሱቅ ጓዳ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰቡ ሰዎች አሉ። ስለ ነጻው የኮምፒዩተር ሲስተም ይወያያሉ። ኮዱ፣ ማለት ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ፣ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያየዋል፣ ያስተካክለዋል፣ ለሌላው ያቀብላል። ሐሳቡ ደስ ይላል። ብቻ ሲስተሙ ብዙ ማተሚያ አያውቅም። ሞደም አያውቅም። የጠጋኙን የገዛ ማውዙን አያውቅም።

ወንድሜን ይዤ ሄድኩ። ወንበር ለቀቁልን። ክራባት ያደረገው የባንክ ሠራተኛ ስብሰባውን ይመራል፤ ማን እንደ መረጠው አልተነገረንም። ሊቀ መንበሩ ብዬዋለሁ፤ እዚህ ደብተር ላይ ብቻ።

«ማተሚያው ምን ዓይነት ነው?» አለ።

«የብሬል» አለ ወንድሜ።

«ባለ ስንት ቀለም?»

«ቀለም የለውም።»

«እንግዲያው ቀላል ነው።»

ከዚያ ለማኅበሩ ስም ማውጣት ጀመሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። እነዚህ አብረዋል፤ አንበሳውን ማን ይሰር የሚለው ገና ድምፅ እየተሰጠበት ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

ጠጋኙ ጥያቄያችንን ዓለም በኢሜይል ለሚወያይበት ቡድን ልኮልን ነበር። መልሶቹን ዛሬ ጮክ ብሎ አነበበልን።

የመጀመሪያው፦ «መመሪያውን አንብቡ።» መመሪያ የለንም ብለን ነው እኮ የጻፍነው።

ሁለተኛው፦ «እኔ ጋ ይሠራል።» እንኳን ደስ ያለህ።

ሦስተኛው፦ «ሌላ ማተሚያ ግዙ።» ይህን ሰው ከርዕሰ መምህሯ ጋር ማስተዋወቅ ነው።

ከአራተኛው በኋላ እኛን ረስተው እርስ በርስ ተጣሉ። አንዱ የሌላውን ኮምፒዩተር ሰደበ፤ ሌላው ትምህርቱን ሰደበ። ወንድሜ አገጩን በመዳፉ ይዞ አዳመጠ። «እታለም፣ እነዚህ ሰዎች ይተዋወቃሉ?» አለኝ ስንወጣ።

«አይመስለኝም።»

«ዘመዳሞች መስለውኝ ነበር።»

ሐሙስ፣ የካቲት 26

ከዓለም ሌላ መልስ የለም። ኮፒ ማሽኑም ጤነኛ ነው፤ ትምህርት ቆሟል።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 5

አንድ ሰው ተገኘ! አገሩን አናውቅም፤ ራሱን «ጉጉት» ብሎ ነው የሚጠራው። የእኛ ማተሚያ ታላቅ ወንድም እሱ ጋ ነው ያለው። ለራሱ የጻፈውን ድራይቨር ከነኮዱ ልኮልናል። ሳንከፍለው። ሳንለምነው።

እልል ይባላል ብዬ ጠበቅኩ... እልልታ የት ተገኝቶ።

አንድ የሒሳብ መምህር አለ፤ ኮዱ ያልተከፈተለትን ፕሮግራም በእጁ አይነካም። ንጹሑ ነው ስሙ። (ይህንንም ያወጣሁት እኔ ነኝ።) ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበበና ራሱን ነቀነቀ። «ፈቃድ አልተጻፈበትም። በምን ደንብ ነው የምንጠቀምበት?»

«ሰጥቶናል እኮ» አለ ጠጋኙ።

«መስጠት ሌላ፣ ፈቃድ ሌላ።»

ሊቀ መንበሩ ጉዳዩን ለሚቀጥለው ቅዳሜ አሳደረው። ጉዳይ ማሳደር የተማረው ባንክ ቤት ሳይሆን አይቀርም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 19

አሁንም ፈቃዱ። ጥጉ ላይ ኬብል እየጠቀለልኩ ተቀምጫለሁ። የማውቀው ምዕራፍ እሱ ነው።

ንጹሑ «ነጻነት ቀልድ አይደለም ወንድም ዓለም፤ ዛሬ በትንሹ ከለቀቅን ነገ ሁሉንም እንለቃለን» አለ። ወንድሜ እስኪጨርስ ጠበቀው።

«ልክ ነህ» አለው። «እኔ እስከ ዛሬ የማነበው በእህቴ አፍ ነው። እሷ ሲደክማት እኔ አላነብም። እሷ የምታፍርበትን ቃል እኔ አላውቀውም። ስለ ነጻነት ሌላ ቀን ተረጋግተህ አጫውተኝ።»

እኔ ኬብሉን ፈትቼ እንደገና ጠቀለልኩት።

በእህቴ አፍ። ምን ማለቱ ነው? ምስጋና ነው? እሮሮ ነው? ማፈሬን እንዴት አወቀ... የዘለልኳቸው ቃላት ያን ያህል አይበዙም።

ንጹሑ እዚያው ቁጭ ብሎ ለጉጉት ጻፈለት። መልሱ ሻያችንን ሳንጨርስ መጣ፦ «የፈለጋችሁትን አድርጉበት። ካስተካከላችሁት ግን መልሳችሁ ላኩልኝ፤ ደንቡ እሱ ብቻ ነው።» ሁለት ሳምንት የተከራከርንበት ነገር አንድ መስመር ጠየቀ።

ቤት ስንደርስ ጋዜጣውን አነበብኩለት። አንድም ቃል አልዘለልኩም። ሁለታችንም አፈርን።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 10

ሠራ!

ሁሉም ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። ወንድሜ በሌላ ክፍል ልጆቹን እያስከለሰ ነበር። ኬብሉን እኔ ሰካሁ፤ ትክክል ሰካሁ። ጠጋኙ ድራይቨሩን ጭኖ ትእዛዙን ጻፈ። ማተሚያው ትንሽ አሰበና እንደ ወፍጮ ጮኸ፤ ወረቀቱ ነጥብ በነጥብ ሆኖ ወጣ።

የብሬል ፊደል ገበታ ይዤ ስለ ነበር ማመሳከሩን ለእኔ ሰጡኝ። ነጥብ በነጥብ አየሁት። ልክ ነው። ንጹሑ አየው፤ ልክ ነው። ሊቀ መንበሩ ገበታውን ገልብጦ ይዞ አየና እሱም ልክ ነው አለ። ርዕሰ መምህሯ መጥታ ጨበጠችን። ኳሶቹ ሌላ ክፍል ይፈለግላቸዋል።

በደስታ የታሪክ ፈተናውን በሙሉ፣ ለሁሉም ልጆች አተምን። ወፍራሙ ወረቀት እስኪያልቅ። ንጹሑ ሲስቅ የመጀመሪያዬ ነው ሳየው። ጥርስ አለው።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 12

ወንድሜ ርዕሰ መምህሯ ቆልፋበት የነበረውን ፈተና ዛሬ ቤት ይዞት መጥቶ ዳበሰ። አንድ መስመር። ሁለት መስመር። ከዚያ ወረቀቱን አፍንጫው ሥር አድርጎ አሸተተው።

«እታለም፣ ይሄን ማነው ያየው?»

«ሁላችንም።»

«በምን?»

«በዓይናችን ነዋ።»

«ጎበዞች» አለ።

ጽሑፉ የተገለበጠ ነው። ከቀኝ ወደ ግራ፣ እያንዳንዱ ፊደል ጀርባውን ሰጥቶ። የጉጉት ማተሚያ ወረቀቱን ከታች ወደ ላይ ይወጋል፤ የእኛ ከላይ ወደ ታች። ጉብታው በወዲያኛው በኩል ነው። እኛ ያነበብነው ጉድጓዱን ነው። በጉድጓዱ በኩል ሲታይ ቀጥ ያለ ነው፤ ከገበታው ጋር አንድ ነው። ለሚያይ ሰው እንከን የለውም። ምን ያደርጋል፣ ፈተናው ለሚያይ ሰው አይደለም።

ስንት ሰው፣ ስንት ዓይን... በዚያ ሁሉ እልልታ መሐል ኮሪደሩን ተሻግሮ አንድ ጣት መጥራት ለማናችንም አልታየንም። ለእኔም። ዕድሜዬን ሙሉ ከእሱ ጋር ኖሬ፣ ለእኔም።

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር። «እንግዲህ አንባቢውን ይጥሩት» አለና የታሪክ መጽሐፉን አቀበለኝ። አነበብኩለት።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 17

ዛሬም ትምህርት ቤቱ፣ ማተሚያው ጋ ተሰበሰብን። ሊቀ መንበሩ ጥፋቱ የማተሚያው ነው ወይስ የድራይቨሩ በሚለው ላይ ውይይት ከፈተ። ወንድሜ ተነሥቶ አንዱን የተበላሸ ወረቀት ለንጹሑ ሰጠው። «ዓይንህን ጨፍን። ጣትህን ስጠኝ።»

ንጹሑ ጨፈነ። ወንድሜ የሰውዬውን ጣት ይዞ በጉብታዎቹ ላይ ቀስ ብሎ ጎተተው። «ይሄ የመጨረሻው ፊደል ነው። መጀመሪያ ላይ ምን ይሠራል?»

ንጹሑ መስመሩን በጣቱ እንደገና ሄደበት። ዓይኑን ሲገልጥ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጠ። ሊቀ መንበሩ «ድምፅ አልሰጠንበትም እኮ» ሲል ጠጋኙ ሻይ አስያዘው። ኮዱ ባይከፈትልን ኖሮ የሞተ ኩባንያ በር ስናንኳኳ እንቀር ነበር። ተከፍቶልናል፤ መስመሩን የሚገለብጠው ቦታ ተገኘ፤ ተስተካከለ። በቀረችን አንዲት የሙከራ ወረቀት ላይ አተሙ። አሁን ማንም አላያትም። በቀጥታ ወንድሜ እጅ ላይ አኖሯት።

«ግንቦት አሥር፣ የታሪክ ፈተና» ብሎ አነበበ። ራሱ አነበበ።

ለጉጉት ማስተካከያውን መመለስ ነበረብን። በማን ስም ይሂድ በሚለው ስለ ተጣሉ እኔ ጻፍኩት። ለማላውቀው ሰው ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ማተሚያችሁ ከላይ ወደ ታች የሚወጋ ከሆነ ይህን ተጠቀሙ፤ ስትጨርሱ በጣቱ የሚያነበውን ሰው ጥሩ አልኩ። «ኮፒ ክፍል» ብዬ ፈረምኩ።

የቀረው ወረቀት ነው። የለም። የትምህርት ቤቱ በጀትም የለም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 22

የቢሮው ምድር ቤት ያለፉ ዓመታት የግድግዳ ካላንደሮች ተከምረዋል። ማንም ያልወሰዳቸው። ወፍራም ናቸው። አለቃዬን ልውሰዳቸው ብዬ ጠየቅኩት።

«ያለፈ ዓመት ምን ያደርግልሻል?»

«ለታሪክ ፈተና ነው» አልኩት። ሳቀ። ቀልድ አወቅሽ እንዴ አለኝ። እውነቴን ነው እኮ።

ጠጋኙና ሊቀ መንበሩ አብረውኝ ቆረጡ። ሊቀ መንበሩ መቀስ ሲይዝ ዝም ይላል። ብዙ መቀስ መግዛት ነበረብን።

ሰኞ፣ ግንቦት 10

ግማሽ ቀን ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ከበሩ አጠገብ ቆምኩ።

ርዕሰ መምህሯ ለማንኛውም ብላ አንባቢውን ጠርታው ነበር። ጥግ ተቀምጦ የገዛ ጋዜጣውን በልቡ አነበበ።

ልጆቹ ወረቀቱን ሲቀበሉ መጀመሪያ ጠርዙን ዳሰሱ። ከዚያ ጣቶቻቸው ጀመሩ። ክፍሉ ውስጥ ድምፅ የለም፤ ጣት ወረቀት ላይ ሲሄድ ብቻ ይሰማል። አንዲት ልጅ ሦስተኛውን ጥያቄ አነበበች፣ አለፈች፣ ተመለሰች፣ እንደገና አነበበች። አንባቢ ቢሆን «ቅድም ብዬዋለሁ» ይላት ነበር። ወረቀት አይሰለችም።

አንዱ እጁን አወጣ። «መምህር፣ ይሄ ወረቀት ያንሸራትታል።»

«ታሪክ ነው» አለ ወንድሜ። «አጥብቀህ ያዘው።»

ወንድሜ በመደዳዎቹ መሐል ሲመላለስ አየሁት። የሚሠራው አልነበረውም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ፊቱን ወደ ጣራው አቅንቶ ያዳምጣል። እዚያ መሆኔን ሳያውቅ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። እንዳይሰማኝ ትንፋሼን ያዝኩ። ጥሩነቱ እንባ ድምፅ የለውም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 22

ማኅበሩ ስም አገኘ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሊለውጡት ተስማምተዋል።

ከጉጉት መልስ መጣ። የእኛ ማስተካከያ ከድራይቨሩ ጋር ተቀላቅሎ ለሁሉም ተለቅቋል። ማተሚያው የሚወጋው ወዴት እንደ ሆነ ገና ሲጀመር ይጠይቃል አሉ። ኮፒ ክፍልን አመስግኗል። አለቃዬ ይህን ቢሰማ በጀት ይጠይቅበታል።

ወንድሜ ራሱ ማተም ተምሯል። የኢሜይሉን ውይይት፣ ከየካቲት ጀምሮ ያለውን ጠብ ሁሉ፣ በነጥብ አትሞ ቤት ይዞት መጣ። ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ያነባል። ጋዜጣውን ገልጬ ርዕሱን ማንበብ ስጀምር መዳፉን አነሣ።

«ቆይ እታለም።»

ጋዜጣውን አጠፍኩት። እጄን ምን ላድርገው? ሳህኖቹን አጠብኩ። ታጥበው ነበር።

ጣቱ መስመሩን ይዞ እየሄደ ቆሞ ሳቀ። ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ።

«ምንድን ነው?»

«አንዱ ለአንዱ የመለሰው።»

«ምን አለው?»

«ልጨርሰዋ።»

ወንበሬን ሳብኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ነጥቦቹን አየኋቸው፤ በዓይን ምንም አይሉም። ሲጨርስ አነበበልኝ። እየሳቀ ስለ ነበር አንዱን ቃል የዋጠው መሰለኝ። ወይም አፍሮበት። እንዲደግምልኝ ጠየቅኩት።