በጎኑ ለተኛ ሰው የተሰጠ የጤንነት ወረቀት

ለእንቅልፍ ምርመራ ክፍል የተከበሩ ኃላፊ፣

እርስዎም ቤተሰብዎም እንደምን ሰነበታችሁ? በየትኛውም ጎንዎ ቢተኙ ትንፋሽዎ ሳይቆራረጥ እንዲነጋልዎ እመኛለሁ። ባለፈው ወር በክፍልዎ አንድ ሌሊት ያደረው፣ ጓደኞቹ በማንኮራፋቱ «ወፍጮ» የሚሉት የአውቶቡስ ሹፌር ባለቤቴ ነው። ስላደረጋችሁልን ሁሉ ላመሰግንዎ ነው የምጽፈው።

፩. ባለቤቴ በጀርባው ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደውም፤ በጀርባው ሲተኛ ደግሞ ትንፋሹ ቀጥ ይላል። በልቤ እስከ ሠላሳ እቆጥርና በክርኔ ጎሸም ሳደርገው ነፍሱ ትመለሳለች። ይህንኑ ለምርመራው ባስገባነው ማመልከቻ ላይ ጽፌ ነበር። ባለማንበባችሁ አልቀየምም፤ የእጅ ጽሕፈቴ አያምርም።

፪. ነርሷ፣ እግዜር ይስጣትና፣ ማንኮራፋቱ አጠገቡ የተኛውን ታካሚ እንዳይረብሽ አስባ በጎኑ አስተኝታ፣ ጀርባውን በሁለት ትራስ ደግፋ አሳደረችው። ስለሚያንኮራፋ የመጣን ሰው እንዳያንኮራፋ አድርጎ መመርመር ለእኔ ቢጤው ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይመስላል። እናንተ ግን የተማራችሁ ናችሁ።

፫. ውጤቱ «ጤነኛ» ይላል። በምን አኳኋን እንደተኛ የሚሞላበት መስመር ቅጹ ላይ የለም። ይህን ለማስረዳት አራት ጊዜ ብመላለስ ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ ሆነብኝ። በመጨረሻ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ በትሕትና «እናቴ፣ ማሽን አይዋሽም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ማሽኑ ያየውን ተናግሯል።

፬. እስኪመረመር ከመንዳት አግዶት የነበረው መሥሪያ ቤቱ በወረቀታችሁ መሠረት ወደ መሪው መልሶታል። ባለፈው ሳምንት ቀይ መብራት ላይ እንደቆመ እንቅልፍ ይዞት ሄዶ ተሳፋሪዎች ቀሰቀሱት። ያም ሆኖ ወረቀቱን ከኪሱ አይለይም፤ እኔን ሟርተኛ ይለኛል። ጌታዬ፣ ፈርቻለሁ። ሌሊቱን እየቆጠርኩ አድራለሁ፣ ቀን ስልክ በጮኸ ቁጥር አደጋ ደረሰ የሚሉኝ ይመስለኛል፤ ሌላ የማደርገው የለኝም።

እባክዎ አንድ ጊዜ፣ አንድ ሌሊት ብቻ፣ በጀርባው አስተኝታችሁ መርምሩት።

ከክርኗ በቀር መሣሪያ የሌላት፣ ውለታችሁን ቆጥራ የማትጨርስ፣
የሹፌሩ ሚስት

ማስታወሻ፦ ባለቤቴ ከሰኞ ጀምሮ የተመደበው የእናንተን ሠራተኞች በሚያመላልሰው ሰርቪስ ላይ ነው። እርስዎ ሁልጊዜ ከሹፌሩ አጠገብ እንደሚቀመጡ ሰምቻለሁ። አንገቱ ዘንበል ካለ እንደ እኔ እስከ ሠላሳ አይቁጠሩ፤ ቶሎ በክርንዎ ጎሸም ያድርጉት።