የዞሩት መዳፎች

ጥር 9 ቀን 1968 ዓ.ም.፣ መካነ ሰላም

አብሮኝ የሚያስተምረው ህንዳዊ የሒሳብ መምህር በአሮጌው የእህል መጋዘን ለሚከፍተው የዮጋ ክፍል ዓርማ ሠራሁለት። ጣውላው ላይ የሳልኩት እሱ ራሱ እንደሚቀመጠው ነው፤ እግሩን አጣምሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ ወደ ላይ ዘርግቶ።

ጠዋት በሩ ላይ ልሰቅለው ስል የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ሰዓዳ መጥረጊያቸውን ይዘው ቆሙ።

«መምህር፣ ይኽን ሰውዬ እህል ነው እንዴ የምታስለምነው?»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«ያን ጊዜ እኛም እዚሁ፣ እንዲህ ነበር የተቀመጥነው።»

ደነገጥኩ። በረሃቡ ጊዜ እርዳታው የሚታደለው ከዚህ በር ነበር። እንዴት ረሳሁት? አገሩ ሁሉ በመከራው የቀለድኩ ቢመስለውስ?

ለህንዱ ነገርኩት። እግሩን አጣምሮ ቁጭ አለ። ከዚያ መዳፎቹን ገልብጦ ጉልበቱ ላይ አሳረፈና «እንዲህም ይሆናል» አለኝ። የሥዕሉን እጆች በነጭ ቀለም አጥፍቼ እንደገና ሳልኳቸውና ጣውላውን በሩ ላይ ሰቀልኩት።

እትዬ ሰዓዳ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ቀና ብለው አዩት።

«አልሐምዱሊላህ! አሁንስ በልቷል።»

ቀኑን ሙሉ የያዝኩትን ትንፋሽ ያኔ ለቀቅሁ። ነጩ ቀለም ግን ስስ ነው። ሲደርቅ የፊተኞቹ መዳፎች ከሥር እንዳይወጡ ብቻ...