አፌን ስለ መዝጋቴ ይቅርታ የማልጠይቅ መሆኔን ስለ ማሳወቅ

ለክቡር የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ዲን፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለክቡርነትዎ፣ ለባልደረቦችዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ በተለይም የማይነቃነቅ ጥርስ እመኛለሁ።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ስለ እኔ የሚወራውን አንድ ወሬ ማቃናት ግድ ሆኖብኛል። ከካርድ ክፍሉ መስኮት ጀምሮ እስከ ታክሲ ተራው ድረስ «አሮጊቷ የተማሪ ጣት ነከሰች» እየተባለ ነው። የእህቴ ልጅ ከመሥሪያ ቤቷ ሰምታው መጥታ፣ «አክስቴ፣ እውነት ነው እንዴ? ደም በደም አደረገችው ነው የሚሉት» ብላ ጠይቃኛለች። እውነት አይደለም። እኔ አፌን ዘጋሁ። አፉ የእኔ ነው፤ ጣቱ ግን የእኔ አልነበረም፣ ግባ ያለውም የለም። በዚያ ላይ ጣቱ የነበረው ቀደም ሲል ሁለት መንጋጋ ጥርሶቼን በነቀላችሁበት ቦታ ስለሆነ፣ በድድ ደም ማፍሰስ እንደሚቻል የሚያስረዳ ጥናት ካላችሁ በትሕትና ለማንበብ ዝግጁ ነኝ።

በዚሁ ምክንያት ወደ ክሊኒኩ እንዳልገባ የሚያግደውን፣ በክቡርነትዎ ፊርማ የወጣውን ደብዳቤ ተቀብያለሁ። ሁለት የፊደል ግድፈቶች አርሜ በዘበኛው በኩል መልሼልዎታለሁ። ነገ ጠዋት ግን እመጣለሁ። ለምን እንደምመጣ በአደባባይ የምጽፈው፣ በሩ ላይ ቆመን ስንከራከር ጊዜ እንዳይባክን ብዬ ነው።

ካለፈው ክረምት ጀምሮ በቀኝ ጉንጬ ሕመም ይመጣብኛል። ሲመጣ መብረቅ ነው፤ ብልጭ ብሎ ይሄዳል፣ ተመልሶም ይመጣል። ነፋስ ሲነካኝ፣ ፊቴን ስታጠብ፣ አንዳንዴም ጎረቤት ደህና አደርሽ ስል ይመጣል። ስለዚህ ከፊቴ ግማሹን ብቻ እየታጠብኩ፣ ሰላምታም እየቆጠብኩ፣ ኩሩ የሚል ስም አትርፌ ኖሬአለሁ። በመጨረሻ የእናንተ ክሊኒክ ጎበዞች አሉት ሲሉኝ መጣሁ። ያገኘሁትን አገልግሎት በሥርዓት ላመሰግን እወዳለሁ፤ እኛ በተማርንበት ዘመን ምስጋና ሳይቀር በተራ ቁጥር ይጻፍ ነበር።

አንደኛ፣ ባለ ሽቶውን ተማሪዎን አመሰግናለሁ። እንዲህ የምለው ሽቶው ቀድሞት ስለሚገባና ስሙን ስላልነገረኝ ነው። የት እንደሚያመኝ ተናግሬ ሳልጨርስ፣ «ገባኝ፣ እማማ፣ ገባኝ» አለና አንዱን መንጋጋዬን ነቀለው። ሕመሙ ባለበት ቀረ። ተመልሼ ስመጣ ቅንጣት ሳይደነግጥ፣ «አጠገቡ ያለው ነበራ!» ብሎ ያንንም ነቀለው። ሁለቱንም በመሐረብ ጠቅልዬ አስቀምጫቸዋለሁ፤ እንኳን ቀዳዳ ጭረት የለባቸውም። በሕይወቴ እንደዚያ ልጅ በራሱ የሚተማመን ሰው አላየሁም፣ ከአንድ የአውቶቡስ ሾፌር በስተቀር፤ እርሱም አሁን አይነዳም።

ሁለተኛ፣ መጸዳጃ ቤት ስፈልግ መንገድ ስቼ ምድር ቤት በመውረዴ ያየሁትን አደንቃለሁ። የፕላስቲክ ጭንቅላቶች አፋቸውን ከፍተው በረድፍ ተቀምጠዋል። ተማሪዎችዎ ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት በእነርሱ ላይ እንደሚለማመዱ የጽዳት ሠራተኛዋ ነገረችኝ። ጨዋዎች ናቸው፤ አያቃስቱም፣ አይጠይቁም፣ ጥርሳቸው ቢነቀል ቅር አይላቸውም፣ በማግስቱም ሌላ ይተከልላቸዋል። በዚህ ዓይነት ማኅበር ውስጥ ያደገ ልጅ «ገባኝ» ማለትን ቢለምድ አይፈረድበትም።

ሦስተኛ፣ በመጠበቂያ አዳራሹ ግድግዳ ላይ በትልቁ ስለለጠፉት ማስታወቂያ። ተማሪዎቻችሁ የአፍና የፊት ሕመምን ለማከም ከፍተኛ በራስ መተማመን እንዳላቸው በመጠይቅ መረጋገጡን ይገልጻል። ጉንጬን በእጄ ደግፌ ደጋግሜ አነበብኩት። ተማሪዎቹ ራሳቸው ተጠይቀው ራሳቸው መልሰዋል፤ እኛ አግዳሚ ወንበሩ ላይ የተደረደርነው ግን ተማሪዎቹ በሚያክሙት ሕመም ላይ ምንም ሐሳብ እንደሌለን ታምኖ ታልፈናል። ስለዚህ እምነት ልዩ ምስጋና ይድረስዎ።

አራተኛውን ለማመስገን ይቸግረኛል፤ እርሱን እንዳለ እነግርዎታለሁ።

ሦስተኛ ጊዜ ስመጣ የተግባር ፈተና ቀን ነበርና ለአንዲት ሴት ተማሪ ተሰጠሁ። ጓደኞቿ «እስቲ ልጠይቅ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውላታል፤ ስትገባም ከኋላዋ እየተሳሳቁ ነበር። ልጅቱ ጓንት ከማጥለቋ በፊት ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ሲመጣ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ሳልበላም ይመጣ እንደሆነ ጠየቀችኝና መልሴን እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ በጥጥ ጫፍ ጉንጬን ከውጭ በኩል ነካ አደረገችው። ወደ ጥርሶቼ አልተጠጋችም፤ እኔ ግን ከወንበሩ ተነሣሁ። እሷም ቀስ ብላ፣ «እማማ፣ ጥርስዎ አይመስለኝም። ምን እንደሆነ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። የነርቭ ሐኪሙን ልጠይቅና ልምጣ፤ እስከዚያ ማንም እንዳይነካዎት» ብላ ወጣች።

አጠገባችን ቆሞ ይከታተል የነበረው ፈታኝ መምህር «በበሽተኛ ፊት እርግጠኛ አይደለሁም አይባልም» አለ። ቀጥሎም «በራስ መተማመን የላትም» ብሎ ጻፈ፤ እየጻፈ ጮክ ብሎ ስላነበበው ሰማሁት። ከዚያ ባለ ሽቶውን «ና እስቲ፣ አንተ ጨርስላት» ብሎ ጠራው። «ይቺማ የኔ በሽተኛ ናት፣ አንድ ጥርስ ነው የቀረን» እያለ መጣና ጣቱን አስገባ። መብረቁ መጣ፤ አፌም ተዘጋ። የወሬው ታሪክ በሙሉ ይኸው ነው።

ልጅቱ የነርቭ ሐኪሙን ይዛ ስትመለስ እኔ ጉንጬን ይዤ አለቅሳለሁ፣ እሷም ፈተናውን ወድቃለች። ሐኪሙ ሕመሙ የፊት ነርቭ እንጂ የጥርስ እንዳልሆነ ነግሮኝ ኪኒን አዘዘልኝ። ፈታኙ ግን ማርኩን አላስተካከለም። ጥርስ ነክሶባታል ይባላል፤ እርሱን ግን ማንም ተናካሽ አላለውም።

ነገ ጠዋት ድጋሚ ፈተና አለባት። በደንባችሁ መሠረት ለድጋሚ ፈተና የሚቀርብ ተማሪ በሽተኛውን ራሱ ፈልጎ ያመጣል፤ ካላመጣ እንደ ወደቀ ተቆጥሮ ዓመቱን ይደግማል። እሷን አምኖ አፉን የሚከፍት አልተገኘም። በአዳራሹ እየዞረች ስትለምን ጓደኞቿ ከኋላ እየተከተሉ፣ «እሷ ትጠይቅዎታለች እንጂ አታክምዎትም» ይላሉ አሉ። ይህን የሰማሁት እንዴት እንደሆንኩ ልታይ ቤቴ በመጣችበት ቀን፣ ፊቷን አይቼ አልለቅሽም ስላልኳት ነው። እኔ እቀርብልሻለሁ ስላት፣ «እርስዎማ ታግደዋል፣ ተዉት እማማ፣ ዓመት ምን አላት» አለችኝ። ዓመት ምን እንዳላት በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው አይነገርም።

ክቡር ዲን፣ እኔን ሒሳብ ያስተማሩኝ መምህርት ሲበዛ ጥብቅ ነበሩ። መልሱን ላልጻፈ ተማሪ ዜሮ ይሰጣሉ፤ ገምቶ ለጻፈ ደግሞ ከዜሮ በታች። አላውቅም ብሎ እጁን ያወጣውን ግን ወደ ሰሌዳው ጠርተው፣ ሌሎቻችን እስክንሰለች አብረውት ይሠሩ ነበር። ያኔ አድልዎ ይመስለኝ ነበር። የእናንተን ወንበር ካየሁ በኋላ ግን፣ ያቺ ልጅ በእሳቸው ክፍል ብትሆን የት ትቀመጥ እንደነበር አውቃለሁ፤ ባለ ሽቶው የት እንደሚቆምም አውቃለሁ።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ልመና አይደለም። እገዳውን እንዲያነሡልኝም አልጠይቅም፤ ክቡርነትዎ የፈረሙትን ነገር መልሰው እንዲያዩ ማስቸገር ነውር ነው። ይቅርታ እንድጽፍ በቃል ላስተላለፉልኝ መልእክትም መልሴ ከላይ በርእሱ ተቀምጧል። ኪኒኑ ብዙ ቢያሽለኝም ሕመሙ ጨርሶ አልሄደም፤ ለአንድ ፈተና የሚበቃ ተርፎልኛል። እርሱንም ይዤ የማቀርበው ለማን እንደሆነ የምወስነው እኔ ነኝ። ዘበኛው ሊያስወጣኝ ከፈለገ እንደ ዕቃ መሸከም አለበት፤ ወገቡን እንደሚያመው ስለማውቅ እንዳያዝዙት አደራ እላለሁ። ወገቡ ላይ ደግሞ በራሱ የሚተማመን ሰው እንዳይልኩበት።

ከፍ ካለ አክብሮትና ዝቅ ካለ ተስፋ ጋር፣

ሁለት ጤነኛ ጥርሶቿን ለኮሌጅዎ በራስ መተማመን ያበረከተችው፣
በተማሪዎችዎ ዘንድ «ተናካሿ» በመባል የምትታወቀው

ግልባጭ፦
ለምድር ቤቱ የፕላስቲክ ጭንቅላቶች፣ ቅሬታ ካላቸው እንዲያቀርቡ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ነገ ጠዋት ከሁሉ አስቀድሜ ፊቴን በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሁለቱንም ጉንጮቼን እታጠባለሁ፤ ከክረምት ወዲህ ያላደረግኩት ነው። ቀጥሎ የተረፉኝን ጥርሶች እቦርሻለሁ። መሐረቡን ከነጥርሶቹ ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ፤ ፈታኙ እርግጠኛ ሰው ስለሆነ የትኛው እንዳመመኝ ለይቶ ያሳየኝ ይሆናል። ለዘበኛው እንደምን አደርክ እለዋለሁ። ከዚያ ልጅቱ ፊት ባለው ወንበር ላይ ተቀምጬ አፌን እከፍታለሁ። እሷ ጠይቃ ስትጨርስ እዘጋዋለሁ፤ ከእሷ ሌላ ጣቱን የሚያስገባ ካለ ግን መቼ እንደምዘጋው ከወዲሁ ቃል አልገባም።