መብራት ሲመጣ የሚነሣው ሬሳ

ለተከበሩ ጋሽ ገብረየስ፣
የዳቦ ቤታችን ባለቤት፣
ዴም፣ ካርቱም

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ አሥሩም ጣቶችዎ ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አለኝ። እኔ ፅዮን ነኝ፤ ትሪ የምታጥበው፣ አጠገብዎ ስትደርስ መሬት መሬት የምታየው ልጅ። በሁለት ዓመት ውስጥ «እሺ ጋሼ» ከማለት ሌላ ቃል ከአፌ ሰምተው ስለማያውቁ፣ ይህን ሌላ ሰው የጻፈልኝ እንዳይመስልዎ። እስከ ሰባተኛ ክፍል ተምሬአለሁ፤ ለዚህ ይበቃል። ፊትዎ ቆሜ መናገር ስለማልችል ዳቦ የሚገዛ ሁሉ እንዲያነበው በሩ ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጥበብዎ አመሰግናለሁ። ሌላ ቦታ የሊጥ ማቡኪያ ማሽን የሚጸዳው ማብሪያው ወርዶ ነው አሉ። እርስዎ ግን የካርቱም መብራት በቀን ሦስት ጊዜ ስለሚጠፋ፣ ለጽዳት ብሎ ማሽን ማቆም ሞኝነት መሆኑን ደርሰውበታል። መብራቱ፣ ከህረባው፣ ሲሄድ «የላ! ማሽኑ ሬሳ ነው፤ ግቡበት!» ይሉናል፤ እኛም በስልክ ብርሃን እጃችንን እስከ ክርናችን እንከታለን። ማብሪያውን ግን እንዳንነካ ያስጠነቅቁናል፤ መብራት እንደመጣ ማሽኑ በዚያችው ደቂቃ ሥራ እንዲጀምር ነው። እትዬ ማዘንጊያ እጇን በከተተች ቁጥር «አልዓዛር ሆይ፣ ትንሽ ቆይ» እያለች ታስቀን ነበር። አሁን አትቀልድም።

ሁለተኛ፣ ስለ ግንቦት ሦስት ቀን። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እህቴ ሜላት ከማሽኑ ክንድ ሥር የደረቀ ሊጥ ስትፍቅ መብራት መጣ። ሰፈሩ እንደ ልማዱ በደስታ ጮኸ። የእሷም ጩኸት ከዚያ ጋር ተቀላቀለ። እኔም መብራት በመምጣቱ ትሪዬን ይዤ ፈገግ ብዬ ነበር፤ ማብሪያውን ለማውረድ የሮጥኩት ከዚያ በኋላ ነው። ይህችን ፈገግታ ለእርስዎ ትቼልዎታለሁ፤ እኔ ልሸከማት አልቻልኩም።

ሦስተኛ፣ ስለ ቸርነትዎ። ሆስፒታል ድረስ በባለ ሦስት እግር ረክሻ መጥተው «ማሌሽ፣ አይዞሽ» ብለዋታል። ብርቱካንም ይዘውላት መጥተው ነበር። በግራ እጅ ብቻ ብርቱካን ስለማይላጥ የላጥኩላት እኔ ነኝ።

አራተኛ፣ ስለተቆጡበት ነገር። ከሱቅ ጓጉንቸር ገዝቻለሁ። መብራት በጠፋ ቁጥር ማብሪያውን አወርድና እቆልፈዋለሁ፤ የገቡት እጆች ሁሉ መውጣታቸውን አይቼ እከፍተዋለሁ። ለዚህ የሚፈጀው አራት ደቂቃ በጣም እንዳሳዘነዎት ሰምቻለሁ። ቁልፉን እስከ ቅዳሜ ካላስረከብኩ ከነእህቴ እንድወጣም አዘዋል።

ቁልፉ ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ ነው። አልሰጥም።

ቢያባርሩኝ መብትዎ ነው፤ ቁልፉ ግን አብሮኝ ይሄዳል። እትዬ ማዘንጊያና ሌሎቹ ሴቶች ማብሪያው ያልተቆለፈበት ማሽን ውስጥ ከእንግዲህ እጃቸውን እንደማይከቱ እንድነግርዎት ልከውኛል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ መብራት ሲጠፋ እጅጌዎን ሰብስበው ራስዎ ሊያጸዱት ይችላሉ። ምንም አይፈሩ፤ ሬሳ ነው።

ረጅም ዕድሜ ከሙሉ አካል ጋር እየተመኘሁልዎ፣
እስከ ዛሬ መሬት እያየች ያከበረችዎ፣ ዛሬ ግን ቀና ያለችው ሠራተኛዎ፣
ፅዮን ጥዑመልሳን
ግንቦት 19 ቀን 2014 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ሜላት እንድትፈርምበት የላኩት ወረቀት ደርሶናል። «ጉዳቱ የደረሰብኝ በራሴ ጥንቃቄ ጉድለት ነው» ይላል፤ ከሥሩም ለቀኝ አውራ ጣት አሻራ ክፍት ቦታ ተትቶለታል። ጣቱ እርስዎ ጋ ስለቀረ፣ ከማሽንዎ ፈልገው ራስዎ ያስፈርሙት።